ኒው ዮርክ ውስጥ ፎቶ የሚያስነሱ የድሮ እሳት አደጋ ጣቢያዎች የትኞቹ ናቸው?

ማሂ_ፎቶ

ሰላም ናችሁ? በቅርቡ ለሥራ ኒው ዮርክ ልሄድ ነው። ሥራው ሲያልቅ ጥቂት ነፃ ቀናት ይተርፉኛል። የነፃነት ሐውልቱን፣ ታይምስ ስኩዌርን ምናምን ያላነሳ ሰው የለም፤ እኔ ደግሜ ባነሳው ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይዤ ልዙር ብዬ አስቤያለሁ፣ የድሮ እሳት አደጋ ጣቢያዎችን። ቀይ በር፣ ጡብ፣ ቅስት፣ ከላይ የተቀረጸ ቁጥር፣ በሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች መሃል ተጣብቆ የቀረ ጠባብ ቤት፣ እንደዚያ ያለ ነገር ደስ ይለኛል።

ችግሩ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የሚመጣልኝ አንድ ቤት ብቻ ነው፣ ያ መናፍስት የሚያድኑት ሰዎች ፊልም፣ ጎስትባስተርስ፣ የተቀረጸበት። እሱንም አነሳዋለሁ፣ አልጠላም። ግን ሌሎቹስ? የምታውቁ ንገሩኝ። በእግር የሚያያዙ ናቸው ወይስ ተበታትነዋል? መንገድ ላይ ትራይፖድ ዘርግቶ መቆም ያስጠይቃል? ሠራተኞቹስ በራቸው ላይ ካሜራ ይዞ የሚንጎራደድ ሰው ሲያዩ ይቆጣሉ? ያለኝ አንድ 24-70 ሌንስ ነው። ሌላ ለመግዛት ሐሳቡም ገንዘቡም የለም።

የጡብ_ወዳጅ

ማሂ፣ ጥሩ ነገር ነው የያዝሽው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ አንድ ስም ያዢ፦ ናፖሊዮን ለብሩን። እሱና ልጆቹ የሚሠሩበት የአርክቴክት ቢሮ ከ1880 እስከ 1895 ባለው ጊዜ ለከተማዋ እሳት አደጋ መምሪያ ከ40 በላይ ሕንፃዎችን ነድፏል። ማንሃታን ውስጥ አንድ የሚያምር የድሮ ጣቢያ አይተሽ የማን ሥራ ነው ካልሽ፣ ለብሩን ብለሽ ብትገምቺ ጥሩ ግምት ነው። ይኸው ቢሮ ነው በኋላ የሜትሮፖሊታን ላይፍን ማማ የነደፈው፣ በ1909 አልቆ ዎልዎርዝ በ1913 እስኪበልጠው ድረስ የዓለም ረጅሙ ሕንፃ የነበረውን። ሰዎቹ ትንሽ ቤት ላይም ትልቅ ሕንፃ ላይም እጃቸው አይሰንፍም ነበር።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ እኔ የማስበልጠው ኢንጂን 31ን ነው (ጣቢያዎቹ የሚጠሩት በውስጣቸው ባለው ቡድን ነው፤ ‹ኢንጂን› ፓምፕና ቱቦ የያዘው፣ ‹ላደር› መሰላል የያዘው ቡድን ነው)። 87 ላፋዬት ጎዳና፣ ከኋይት ጎዳና ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ። የ1895 ሥራ ነው። እሳት አደጋ ጣቢያ መሆኑን ካልነገሩሽ የፈረንሳይ መሳፍንት ቤት ነው የምትይው። ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ አለው፣ ጣራው ሹል ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ የጣራው መስኮቶች ራሳቸው እንደ ትንንሽ ቤት አጊጠዋል። ታች ሦስት ሰፋፊ በሮች አሉት። አብዛኛው የዚያ ዘመን ጣቢያ አንድ በር ብቻ ስላለው ሦስት በር በራሱ ብርቅ ነው። የቆመው ድሮ ኮሌክት ፖንድ የሚባል ኩሬ የነበረበት፣ በአፈር የተደፈነ ሰፈር ላይ ነው። ኢንጂን 31 ቤቱን በ1972 ለቅቋል። አሁን የዶክመንታሪ ፊልም ማዕከል ነው፣ በ2022 ደግሞ ሲኒማ ተከፍቶበታል። ማለትም ትኬት ቆርጠሽ ውስጡን ማየት ትችያለሽ። በሥራ ላይ ካለ ጣቢያ ይህን አታገኚም።

ጠባብ ቤት ደስ ይለኛል ብለሻል፤ ለምን ጠባብ ሆኑ ካልሽ፣ እንዲህ ነው። እስከ 1865 ድረስ የከተማዋ እሳት አጥፊዎች በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በዚያ ዓመት ደመወዝተኛ ሠራዊት ተቋቋመ፣ ከዚያ ወዲህ ጣቢያ መሥራት የመንግሥት ሥራ ሆነ። መንግሥት ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ተራ የቤት ቦታ ነው የሚገዛው። የማንሃታን የቤት ቦታ ስፋቱ 25 ጫማ ነው፣ ከስምንት ሜትር ያነሰ። በዚያ ላይ ታች አንድ በእንፋሎት የሚሠራ ፓምፕና ፈረሶች፣ ላይ የሰዎቹ መኝታ፣ ከዚያም በላይ የፈረሶቹ ድርቆሽ። ሁሉም ነገር ወደ ላይ ተደራረበ።

እኔ ፎቶ ሳነሳ የምፈልገው ያንን መደራረብ ነው። አንቺም በሩን ብቻ አንስተሽ አትሂጂ። ወደ ላይ እዪ። አንዳንዱ ላይ ድርቆሽ የሚጎተትበት ምሰሶ ከጣራው ሥር ወጥቶ ቀርቷል። አንዳንዱ ላይ ከኋላ በኩል ቱቦ የሚሰቀልበት ማማ ይታያል። ያኔ የውሃ ቱቦው ከጨርቅ ስለሚሠራ፣ ከእሳት ሲመለስ ካልተንጠባጠበ ይሻግታል፤ ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ በቁመቱ ይሰቅሉት ነበር። ያንን ማማ ደወል ቤት ነው እያሉ የሚያነሱ ሰዎች አሉ፣ አይፈረድባቸውም።

ቦታዎቹን ደግሞ በእግርሽ አያይዣቸው። ከ100 ዱዌን ጎዳና ጀምሪ። ኢንጂን 7 እና ላደር 1 ናቸው፣ የ1905 ሕንፃ፣ ሰፋ ያለ። ከዚያ ወደ ሰሜን ትንሽ ሄደሽ 14 ኖርዝ ሙር ላይ ያንን የፊልሙን ቤት አንሺ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ተሻግረሽ ላፋዬት። ከዚያ 363 ብሩም ጎዳና፣ ኢንጂን 55፣ 1899። መጨረሻ ላይ 44 ግሬት ጆንስ። ግማሽ ቀን ይበቃሻል፣ ምሳ ካልረዘመ።

ዝም_ብሎ_ሂያጅ

ከላይ ያለው ወንድማችን ጥሩ ብሏል፣ ግን እኔ አልስማማም። ላፋዬት ያለው ቤት ውብ ነው፣ ውበቱን አልክድም። ግን ባዶ ነው። እሳት አደጋ ጣቢያ ማለት መኪናው ያለበት፣ ቦቲው በር ሥር የተደረደረበት፣ ሰዎቹ ወንበር አውጥተው የተቀመጡበት ነው። ሲኒማ ቤት ከሆነ ሲኒማ ቤት ነው።

አንድ ብቻ አንሺ ብትይኝ 44 ግሬት ጆንስ ነው። ኢንጂን 33 እና ላደር 9። ኤርነስት ፍላግና ባልደረባው ቻምበርስ የነደፉት፣ 1899። ከበሮቹ በላይ ፎቆቹን ሁሉ ያቀፈ አንድ ግዙፍ ቅስት አለ፣ አናቱ ላይ የተቀረጸ ትልቅ ጌጥ። ፍላግ ፓሪስ የተማረ ሰው ነው፣ ያስታውቃል። እና ዛሬም ይሠራል! ደወሉ ሲደወል በሩ ይከፈትና ያ ሁሉ ጌጥ ሥር ዘመናዊ መኪና እየጮኸ ይወጣል። ያንን ካነሳሽ ሌላውን ብትተዪውም አይቆጭሽ።

አንድ ነገር ግን። ዱዌንም ሆነ ግሬት ጆንስ መስከረም 11 ቀን 2001 የተጠሩ ጣቢያዎች ናቸው። የዚያን ቀን ከመምሪያው 343 ሰው ሞቷል፣ ከግሬት ጆንስም የሄዱ ያልተመለሱ አሉ። በየጣቢያው በር አካባቢ የስም ሰሌዳ ታያለሽ። የሕንፃ ጌጥ መስሎሽ ከሥሩ ቆመሽ እየሳቅሽ ሰልፊ እንዳትነሺ። ሌላው ሌላው ይታለፋል፣ ይሄ ግን ሰዎቹን ያስከፋቸዋል።

አሮጌ_ሌንስ

ስለ ፎቶው ራሱ ማንም ስላልተናገረ እኔ ልናገር።

ትራይፖድን በተመለከተ፦ ኒው ዮርክ ውስጥ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ በእጅ በተያዘ ካሜራም ሆነ በትራይፖድ ማንሳት ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ቦታውን ለብቻሽ ካልያዝሽ ድረስ። ገመድ ካወጠርሽ፣ ሰው እንዳያልፍ ካገድሽ፣ መብራት ካቆምሽ ሌላ ነው። ትራይፖድሽን ግን በጭራሽ በሩ ፊት ያለው መውጫ ላይ አትትከዪ። ያ ቦታ ባዶ የሚመስለው መኪናው ስላልወጣ ብቻ ነው። ተሻግረሽ ቁሚ። ፎቶውም የሚያምረው ከዚያ ነው።

ሠራተኞቹ ይቆጣሉ ወይ ላልሽው፣ እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል። መጀመሪያ ሰላም በይ። ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ቤቱ ስትጠይቂ ይገርማቸዋል፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ከላይ ያለው ቁጥር ምንድን ነው ብትዪ ራሳቸው ማሳየት ይጀምራሉ። አንዳንዶቹ ውስጥ የናስ ምሰሶውን ያሳዩሻል። ‹አሁን አይሆንም› ካሉሽ አይሆንም ነው፣ አትከራከሪ።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የማንሃታን መንገዶች ከትክክለኛው ሰሜን ወደ 29 ዲግሪ ገደማ ያጋደሉ ናቸው። ስለዚህ ቁጥር ባላቸው አግዳሚ መንገዶች ላይ፣ በስተሰሜን በኩል ያለ ቤት ፊቱ ወደ ደቡብና ትንሽ ወደ ምዕራብ ነው። ፀሐይ የሚያገኘው ከቀትር በኋላ ነው። የቤት ቁጥሩ ጎደሎ ከሆነ በሰሜን በኩል ነው ማለት ነው፣ ሙሉ ከሆነ በደቡብ። አድራሻውን አይተሽ ብቻ ሰዓትሽን ማቀድ ትችያለሽ። ለምሳሌ 157 ኢስት 67ኛ ጎዳና ላይ ያለው ኢንጂን 39 ጎደሎ ነው፣ ከሰዓት ሂጂበት። የለብሩን ሥራ ነው፣ የ1880ዎቹ፣ ያኔ የመምሪያው ዋና መሥሪያ ቤት ነበር። 14 ኢስት 18ኛ ጎዳና ላይ ያለው ኢንጂን 14 ደግሞ፣ እሱም የለብሩን፣ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ጥላ ውስጥ ነው። እሱን ደመና ቀን ላይ አድርጊው። የተቀረጸ ጌጥ በደመና ሲነሳ ለስላሳ ይሆናል፣ ጡቡም ቀለሙን ይሰጣል። ከሂውስተን ጎዳና በታች ግን የመንገዶቹ አቅጣጫ በየሰፈሩ ስለሚለያይ ይህ ዘዴ አይሠራም፣ እዚያ ካርታ ላይ ማየት ነው።

ስለ ሌንስሽ አትጨነቂ። 24 ሚሊ በቂ ነው። የሁሉም ሰው ችግር አንድ ነው፦ ቤቱ ረጅም፣ መንገዱ ጠባብ፣ ካሜራውን ወደ ላይ ያነሳሉ፣ ቤቱ ወደ ኋላ ይወድቃል። ካሜራውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ። አግድም መስመሩ ከአድማስ ጋር ይሁን፣ ካሜራውን በቁመት አዙሪው፣ ከታች የሚገባውን አስፋልት ኋላ ቁረጪው። ግማሹን ፎቶ እየጣልሽ ስለሆነ ያበሳጫል፣ ግን ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ካልበቃሽ ሁለት ሦስት ፎቶ በቁመት ደራርበሽ አንሺና በኮምፒውተር ስፊያቸው። እላያቸው ላይ ተጠግቶ በሰፊ ሌንስ ማንሳት ግን የቤቱን ቅርጽ ያበላሸዋል፣ እኔ አልወደውም።

ሌላው ቀይ ቀለም ነው። ቀይ በር ፀሐይ ሲመታው ካሜራው አጠቃላይ ብርሃኑ ልክ ነው ይልሻል፣ ቀዩ ግን ተቃጥሎ ዝርዝሩ ይጠፋል። የቀለም ሂስቶግራሙን (ካሜራው የየቀለሙን ብርሃን በግራፍ የሚያሳይበትን) ክፈቺ፣ ቀዩን ብቻ እዪ፣ ትንሽ ቀንሰሽ አንሺ። በሩ ክፍት ከሆነና ውስጡንም ውጭውንም ከፈለግሽ ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን እየጨመርሽና እየቀነስሽ ደጋግመሽ አንሺ።

ማሂ_ፎቶ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! የጎደሎና የሙሉ ቁጥሩን ነገር በሕይወቴ አልሰማሁም። @የጡብ_ወዳጅ፣ የፊልሙን ቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፍከው፣ ያን ያህል ተራ ነው እንዴ? ደግሞ ፈረሶቹ እስከ መቼ ነበሩ?

የጡብ_ወዳጅ

ተራ እንኳ አይደለም፣ ግን ሰው ሁሉ በተሳሳተ ምክንያት ነው የሚሄድበት። ላደር 8 የ1903 ሕንፃ ነው። ሲሠራ የአሁኑን እጥፍ ነበር! ሁለት በር ነበረው። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ቫሪክ ጎዳና ሲሰፋ የቤቱ ግማሽ መንገዱ ውስጥ ገባ፣ ቆርጠው ግማሹን አስቀሩት። አሁን የምታዪው አንድ በር ያለው ጠባብ ቤት የተረፈው ቁራጭ ነው። ስታነሺው የቫሪክን በኩል ጭምር አስገቢ፣ መንገዱ እንዴት እንደበላው እንዲታይ። ፊልሙ በ1984 የወጣ ነው፣ በዚህ ቤት የተቀረጸው ደግሞ የውጭው ብቻ ነው። ውስጡ የሚታየው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ባለ ሌላ የድሮ ጣቢያ ነው። የፊልሙ ምልክት የእግረኛ መንገዱ ላይ ተስሏል፣ ጎብኚው እሱ ላይ ቆሞ ስለሚነሳ ሰው የማይበዛበት ሰዓት ማለዳ ነው።

ስለ ፈረሶቹ፦ የመጨረሻው በፈረስ የተጎተተ የእሳት አደጋ ጋሪ ኒው ዮርክ ውስጥ የወጣው ታኅሣሥ 20 ቀን 1922 ነው፣ ብሩክሊን ውስጥ፣ ኢንጂን 205። ከዚያ በኋላ ሞተር ብቻ ሆነ። ሕንፃዎቹ ግን ለፈረስ የተሠሩ ስለነበሩ ፈረስነታቸው አልለቀቃቸውም። የበሮቹ ስፋት ለፈረስና ለጋሪ የተለካ ነው፣ ለዚህ ነው የዛሬው መኪና ሲገባ ሾፌሩ ትንፋሹን የሚይዘው። ፈረሱ ከጋጣው ወጥቶ በጋሪው ፊት ይቆምና መጎተቻ ዕቃው ከጣራ ላይ በገመድ ተለቆ ጀርባው ላይ ያርፍ ነበር። የተሰቀለበት ብረት ጣራው ላይ የቀረበት ጣቢያ ካገኘሽ ለምነሽም ቢሆን አንሺው። ጠመዝማዛ ደረጃ የተለመደው ፈረሶቹ ድርቆሹ ሸቷቸው ወደ ላይ እንዳይወጡ ነው ይባላል። መንሸራተቻ ምሰሶው የመጣው ግን ከኒው ዮርክ ሳይሆን ከቺካጎ ነው፣ በ1878፣ ዴቪድ ኬንየን የሚባል የጣቢያ አለቃ ነው ያስገባው። ሐሳቡን ያገኘውም ድርቆሽ ከሚቀመጥበት ሰገነት በእንጨት ላይ ተንሸራቶ ሲወርድ ካየው ባልደረባው ነው። ፈረስና ድርቆሽ ሁሉ ቦታ አሉ።

@ዝም_ብሎ_ሂያጅ፣ ባዶ ነው ያልከው ላይ፦ ሲኒማ ባይሆን ኖሮ ፈርሶ ነበር ወንድሜ። ግሬት ጆንስ የተረፈው ቦታው ለመኪና ስለበቃ ነው። ላልበቃው ምን እናድርግ?

ዝም_ብሎ_ሂያጅ

ይሁን፣ ይፍረስ አላልኩም። ፎቶ ላይ ነው እያወራሁ ያለሁት። ደረቅ ግድግዳ ካነሳሽ ደረቅ ግድግዳ ነው።

ብሩክሊን_ማዶ

እናንተ ሰዎች ወንዙን የሚሻገር ድልድይ የለም እንዴ? ሁላችሁም ማንሃታን ውስጥ ተቀምጣችሁ ትከራከራላችሁ።

ማሂ እህቴ፣ ብሩክሊን እስከ 1898 ድረስ ራሱን የቻለ ከተማ ነበር። የራሱ እሳት አደጋ መምሪያ ነበረው፣ የራሱ አርክቴክቶች፣ የራሱ ኩራት። ለዚህ ነው ጣቢያዎቹ ከማንሃታኖቹ ጋር የማይመሳሰሉት። ቦታ ነበረው፣ ማዕዘን ላይ ይሠራ ነበር፣ ማማ ይወድ ነበር።

አናቱ 365 ጄይ ጎዳና ነው፣ የድሮው የብሩክሊን እሳት አደጋ ዋና መሥሪያ ቤት። ፍራንክ ፍሪማን በ1892 የሠራው። ታች ከባድ ድንጋይ፣ ላይ ጡብና ቀይ የተተኮሰ ሸክላ፣ በአንድ በኩል ሰፊ ቅስት ያለው በር፣ በሌላው በኩል ሰማይ የሚቧጥጥ ማማ። ከተማው ራሱን ችሎ የቆየው ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ብቻ ነው፣ ያ ሁሉ ቤት ለስድስት ዓመት ዋና መሥሪያ ቤትነት! አሁን መኖሪያ ነው፣ ሰዎች ተከራይተው ይኖሩበታል። በዙሪያው የቆሙት አዳዲስ የቢሮ ሕንፃዎች ስለሆኑ በመሃል ብቻውን ቀርቷል። እኔ አዳዲሶቹን ከፍሬም ለማውጣት አልታገልም፣ እነሱ ሲገቡ ነው የሚያምረው።

አሁን ማንም ያልነገረሽን ልንገርሽ። ብሩክሊን ከኒው ዮርክ ጋር ሲዋሐድ ሁለት ኢንጂን 40፣ ሁለት ኢንጂን 53 ሆነ። ግራ ስለሚያጋባ በ1899 የብሩክሊኖቹ ላይ 100 ተጨመረ። በ1913 ደግሞ ሌላ 100። ስለዚህ የብሩክሊን 53 መጀመሪያ 153፣ ከዚያ 253 ሆነ። ዛሬ መኪናው ላይ 253 የሚል ታያለሽ፣ ቤቱ የተሠራው ግን 53 ሆኖ ነው። ብሩክሊን ስትዞሪ ዓይንሽን ከበሩ በላይ አድርጊ፣ የድሮ ቁጥር ወይም የድሮው የብሩክሊን ምልክት ያልተፋቀበት ካገኘሽ፣ አሮጌውን ድንጋይ ከላይ አዲሱን መኪና ከታች አድርገሽ በአንድ ፍሬም ያዥው። ከመቶ ዓመት በላይ በአንድ ፎቶ ማለት ነው።

የ253 ቤት 2425 86ኛ ጎዳና፣ ቤንሰንኸርስት ነው። ፓርፊት የሚባሉ ወንድማማቾች በ1890ዎቹ አጋማሽ የነደፉት፣ ግንባሩ እንደ ደረጃ እየተቆረጠ የሚወጣ፣ የሆላንድ ቤት ዓይነት። ብሩክሊንን የመሠረቱት ሆላንዶች ስለሆኑ ያንን ለማስታወስ ነው። ቡሽዊክ ውስጥ 617 ሴንትራል አቬኑ ላይ ያለው ኢንጂን 252ም የእነዚሁ ወንድማማቾች ነው፣ እሱ ደግሞ ግንባሩ በጥምዝ ያለቀ። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታደርጊ ጥሩ ጥንድ ይወጣቸዋል፣ ግን በከተማው ሁለት ጫፍ ስለሆኑ በአንድ ቀን አትሞክሪው።

ለእኔ የሚያምረኝ ኢንጂን 240 ነው፣ 1307 ፕሮስፔክት አቬኑ፣ ዊንዘር ቴራስ። የ1896። ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ ያለው፣ ዙሪያው ዝቅ ያለ ሰፈር ስለሆነ ሰማዩ ክፍት ነው። ማንሃታን ውስጥ አሮጌ_ሌንስ የነገረሽ የመጠጋጋት ችግር እዚህ የለም። ወደ ኋላ ሄደሽ በ70ው ታነሺዋለሽ።

ሰባተኛ_ፎቅ

ጣቢያ ብቻ ነው ወይስ ከእሳት አደጋ ጋር የተያያዘ ሁሉ ይቆጠራል? የሚቆጠር ከሆነ ሃርለም ውስጥ ማርከስ ጋርቬይ ፓርክ ያለውን የእሳት መጠበቂያ ማማ እንዳታልፊው። ሙሉ በሙሉ ቀልጦ በቅርጽ ከተፈሰሰ ብረት የተሠራ፣ ጁሊየስ ክሮል የሚባል ሰው በ1850ዎቹ ያቆመው። 47 ጫማ ነው፣ ግን አለት ላይ ስለቆመ ትልቅ ይመስላል። ግድግዳ የለውም፣ አጥንት ብቻ ነው፣ መሃሉ ላይ ደወል ተንጠልጥሏል፣ ጠመዝማዛ ደረጃ ይዞርበታል። ጠባቂው አናቱ ላይ ቆሞ ጭስ ሲያይ ደወሉን ይመታል፣ የምቱ ብዛት እሳቱ ያለበትን ሰፈር ይነግራል። የቴሌግራፍ ሳጥኖች በየመንገዱ ሲተከሉ በ1870ዎቹ መጨረሻ ሥራ ፈታ። ድሮ እንዲህ ያሉ ብዙ ነበሩ፣ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ዝጎ ሊወድቅ ሲል በ2015 ቁርጥራጩን አውርደው ወሰዱት፣ በ2019 ታድሶ ተመለሰ። ወደ ላይ ቀጥ አድርገሽ ከሥሩ ስታነሺው የሸረሪት ድር ነው የሚመስለው። እዚህ ላይ የአሮጌ_ሌንስን ሕግ ጣሺው፣ ካሜራውን ወደ ሰማይ አንሺ!

ኩዊንስም እንዳይቀር፣ ሎንግ አይላንድ ሲቲ፣ 10-40 47ኛ አቬኑ፣ ኢንጂን 258። እሱም የሆላንድ ግንባር አለው፣ ከብሩክሊኖቹ ይረዝማል። ከማንሃታን በባቡር ወንዙን እንደተሻገርሽ ነው።

አሮጌ_ሌንስ

ሕጉን ለመጣስ ፈቅጃለሁ 😄 ማማው ክፍት ብረት ስለሆነ ሰማዩ ነጭ ሲሆን ብረቱ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆንብሻል። ሰማያዊ ሰማይ ያለበት ቀን ጠብቂ፣ ወይም ከፀሐይ መግባት በኋላ ያለውን ሩብ ሰዓት።

ማሂ_ፎቶ

በጣም ነው የማመሰግናችሁ። እንዲህ አሰብኩ፦ አንዱን ቀን ከዱዌን እስከ ግሬት ጆንስ በእግር፣ ኢስት 67ኛን ከሰዓት በኋላ። ሌላውን ቀን ብሩክሊን፣ ጄይ ጎዳናና ዊንዘር ቴራስ። ሃርለምን ለምሽት። @ብሩክሊን_ማዶ፣ ከጄይ ጎዳና ወደ 240 እንዴት ነው የሚኬደው? ታክሲ ይሻላል?

ብሩክሊን_ማዶ

ታክሲ ምን ያደርግልሻል። ጄይ ጎዳና ላይ ኤፍ ባቡር ያዢ፣ ፎርት ሃሚልተን ፓርክዌይ ውረጂ፣ በፕሮስፔክት አቬኑ በኩል ያለውን መውጫ ተጠቀሚ። ሳይቀየር በአንድ ባቡር ትደርሻለሽ። ባቡር ከመያዝሽ በፊት ጊዜ ካለሽ ግን ከጄይ ወደ ወንዙ ውረጂ፣ ድልድዩ ሥር ፉልተን ፌሪ ጋ አንድ ነጭ ትንሽ ቤት አለ፣ ባለ ማማ። የእሳት አደጋ ጀልባ ጣቢያ ነበር፣ የ1920ዎቹ። ማማው ቱቦ ማድረቂያ ነው። ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶት ድልድዩን ነው የሚያነሳው።

ቅዳሜና እሁድ ከሆነ የባቡር መስመሩ ስለሚቀያየር ከመውጣትሽ በፊት እዪው።